ድንጋይ የማሰጣበት ዓመት

ባለፈው ወር የእናቴን ቤት ልናስቀባ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ስናርቀው፣ ከኋላው አንድ የእጅ ባትሪ ወድቆ አገኘሁ። ክዳኑ ዝጎ ስለነበር በጨርቅ ይዤ በግድ አዞርኩት። ውስጡ የነበሩት ሁለት ድንጋዮች ፈስሰው፣ ነጭ ዱቄት አውጥተው ተጣብቀዋል። ሽታው ወዲያው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ የዛገ ብረት፣ ትንሽ ኮምጣጤ፣ ትንሽ የተቃጠለ ጨው። ቀለም ቀቢው «ጣይው እንጂ፣ መርዝ ነው» አለኝ። እኔ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጬ ደግሜ አሸተትኩት። አራተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት በሙሉ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

በእኛ ቤት ባትሪ ማለት የእጅ መብራቱ ነው። ውስጡ የሚገባው ድንጋይ ይባላል። ሱቅ ሄጄ «ሁለት ድንጋይ ስጠኝ» ስል ባለሱቁ ምንም ሳይጠይቅ ሁለቱን ባንኮኒው ላይ ያቆምልኛል። ስለዚህ እውነተኛ ድንጋይ መሆኑን የምጠራጠርበት ምክንያት አልነበረኝም። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ከምንለቅመው ጠጠር ጋር ዘመድ ይመስለኝ ነበር። ከሁርሶ ወዲያ የሆነ ተራራ ላይ ሰዎች ሲፈልጡት፣ በቆርቆሮ ሲጠቀልሉትና ሥዕል ሲለጥፉበት ይታየኛል። ወታደሮቹም ሁርሶ የሚሠለጥኑት ያንን ተራራ ለመጠበቅ ነው ብዬ ለራሴ ጨርሼ ነበር።

በዚያ ዓመት የኔ ሥራ ድንጋይ ማስጣት ነበር። ድንጋዮቹ የጋሽ ወልዴ ናቸው። ጋሽ ወልዴ በአንድ ግቢ አብሮን የሚኖር፣ ከሽማንደፈር፣ ከባቡር ድርጅቱ፣ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። እኛ በሩ አጠገብ ባሉት ሁለት ክፍሎች፣ እሱ ከኒሙ ዛፍ ሥር ባለችው አንድ ክፍል እንኖራለን። ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ ብዙም ስለማይታወቅ እኔም እናቴም አንተ ነበር የምንለው። ከደጋ የመጣ እንግዳ አንቱ ሲለው፣ ሌላ ሰው የቆመ መስሎት ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል።

የጋሽ ወልዴ ራዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጋም፤ መብራት ደግሞ በዚያ ዓመት መጣ ሲሉት የሚሄድ ነበር። ስለዚህ ድንጋይ ይበላል። ስድስት ነው የሚበላው። የዜና አንባቢው ድምፅ ሲቀጥንና ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ሲሆን፣ ጋሽ ወልዴ «ሰሚራ፣ ደከሙ» ይለኛል። የጀርባ ክዳኑን ከፍቼ ስድስቱንም አወጣና የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ደርድሬ አሰጣቸዋለሁ። ቀትር ላይ ያ ቆርቆሮ እጅ አያስነካም። ከሰዓት በኋላ በቀሚሴ ጫፍ ይዤ ስመልሳቸው የዜና አንባቢው ከጉድጓዱ ወጥቶ ይጠብቀኛል። አብዲ፣ የባለሱቁ ልጅ፣ የሱን ድንጋይ በጥርሱ ነበር የሚነክሰው። እኔ መንከስ አልወድም፤ ፀሐይ ይበቃል። የደከመ ነገር ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይበረታል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ ማንም ሊከራከረኝ አይችልም ነበር።

ከገና በኋላ ጋሽ ወልዴ ራሱ መውደቅ ጀመረ። አንዴ ደጁ ላይ፣ አንዴ መታጠቢያው ጋ። ሴት ልጁ ከአዲስ አበባ መጥታ ወሰደችው። ከብዙ ሳምንት በኋላ ከስቶ፣ ተላጭቶ፣ አዲስ ካልሲ አድርጎ ተመለሰ። ከግራ አንገቱ ሥር፣ ከቆዳው በታች፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል እብጠት ነበረችው። ሰፈሩ በሙሉ ሊጠይቀው መጣ። ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ያሳያል።

«ባትሪ ነው» ይላል። «ልቤ እንቅልፍ ሲወስዳት ይቆነጥጣታል።»

«ያ አላህ!» አለች እናቴ። «ሰው ሆነህ ሄደህ ራዲዮ ሆነህ መጣህ?»

«ራዲዮማ ብሆን ዜና እነግርሽ ነበር፣ ፋጡማ።»

«ዜናውማ ይቅርብኝ፣ ዘፈን ካለህ ግን አሰማን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ራዲዮ ምን እንደሚሆን ከኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም። አብዲ ደግሞ ጆሮዬ ሥር መጥቶ ያሰብኩትን በአፉ አወጣው።

«ድንጋዩ ሲያልቅስ?»

«ምን አገባህ!»

«አቦ፣ እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው። የኛ ራዲዮ ስድስት በልቶ ሦስት ሳምንት ነው የሚቆየው። የሱ አንድ ነው። አስቢው እንግዲህ።»

አሰብኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሱ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ካለቀ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣ ጥቁር የከሰል ዘንግ አለ፣ በሱ ግድግዳ ላይ እንጽፍ ነበር። በሱ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ በየቀኑ አንድ መስመር ማስመር ጀመርኩ። ሃያ አንዱ መስመር ሲሞላ ትምህርት ቤት አልሄድም ብዬ አለቀስኩ። ሆዴን ነው አልኩ። ጋሽ ወልዴ ግን ሃያ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እንደ ልማዱ ሽርጡን አሸርጦ፣ ኒሙ ሥር ተቀምጦ ጢሙን ይላጭ ነበር። የሱ ድንጋይ ጥሩ ዓይነት ነው ማለት ነው። ግን ምን ያህል ጥሩ?

በቀጥታ መጠየቅ አልቻልኩም። ድንጋዩ እንደሚያልቅ እሱ የሚያውቅ አልመሰለኝም። እንደዚያ የሚያሾፍ ሰው እንዴት ያውቃል? ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ድንጋይን መጀመሪያ የሠራው ማነው?»

መላጫውን አስቀመጠ። ሕይወቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

«እንቁራሪት ናት የጀመረችው» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ ድሬ በሩን ዘግቶ ሲተኛ፣ እኔና እሱ ኒሙ ሥር እንቀመጣለን። እሱ የከሰዓት እንቅልፍ አይወድም፤ ባቡር ያመልጠኛል ይላል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያወራኛል። አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር አለ። የእንቁራሪት እግር ገፎ፣ በነሐስ ሜንጦ ወግቶ የብረት አጥር ላይ ሲሰቅል እግሩ ተራገጠ።

«ሞታ?»

«ሞታ። ገላዋም የለ፣ እግር ብቻ።»

«ነፍሷ ተመልሳ ነው?»

«ሐኪሙም ወደዚያው ነው ያደላው። ኤሌክትሪኩ እንቁራሪቷ ሥጋ ውስጥ አለ አለ። ሌላ ጣሊያናዊ ደግሞ ተነሣና የለም፣ እንቁራሪቷ እርጥብ ስለሆነች ብቻ ነው፤ ነገሩ ያለው ሁለቱ ብረቶች ጋ ነው አለ። ዓመታት ተከራከሩ። ግን እንደ አንቺና እንደ አብዲ አልተሰዳደቡም።»

«የጀመረው አብዲ ነው።»

«እሺ። ሁለተኛው ሰውዬ እንቁራሪቷን ተዋት። አንድ የብር ዝርግ፣ አንድ የዚንክ ዝርግ፣ መሐላቸው ጨው ውሃ የጠጣ ጨርቅ። ከላዩ ሌላ፣ ከላዩ ሌላ። ከታችና ከላይ ሲነካው እጁን መታው። ቮልት የምንለው የሱ ስም ነው፣ ጫፏ ተቆርጣ። ፈረንሳዮቹ እስከ ዛሬ ባትሪን ፒል ነው የሚሉት። ክምር ማለት ነው። እኛ ድንጋይ አልነው። ድንጋይነት እንኳ የለውም።»

«ድንጋይ አይደለም?»

«ዚንክና ከሰል ነው።»

በሁርሶ ተራራ ላይ የነበሩት ሠራተኞቼ በሙሉ ያን ቀን ሥራ ፈቱ።

ስለ ራሱም ነገረኝ። ሽማንደፈር ሲገባ መጀመሪያ የሰጡት ሥራ በየጣቢያው የቴሌግራፍ ክፍል ያሉትን የመስታወት ማሰሮዎች ውሃ መሙላት ነበር። በየማሰሮው አንድ የዚንክ ዘንግ፣ አንድ ከሰል፣ አንድ ጭብጥ ነጭ ጨው የሚመስል ዱቄት አለ። ይህን እርጥብ ድንጋይ የፈለሰፈው ፈረንሳዊ ነው። በረሃው ውሃውን ይጠጣዋል። ውሃው ከጎደለ ሽቦው ዝም ይላል፣ ሽቦው ዝም ካለ ባቡሩ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። «ሰው እኔን ውሃ ቀጂ ይለኝ ነበር፤ እኔ ግን ባቡሩን የያዝኩት በባልዲ ነው» አለኝ። በኋላ አንድ ጀርመናዊ ውሃውን እንደ ሊጥ አቦካው፤ ቢገለብጡት የማይፈስ ሆነ። እኔ በየቀኑ የማሰጣው ያንን ሊጥ ነው።

አንድ ቅዳሜ ክምሩን ራሳችን ሠራነው። የሞቱ ድንጋዮችን ልብስ በቆርቆሮ መቀስ ቆረጠልኝ፤ ዚንኩ እሱ ነው። ቢጫዎቹን ሳንቲሞች ከእናቴ ለመንኩ። ያረጀ ሽርጡን ቀዶ ጨው ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ሳንቲም፣ ጨርቅ፣ ዚንክ፤ ሳንቲም፣ ጨርቅ፣ ዚንክ። ጨው ውሃው በክርኔ ወረደ፣ ጣቴ ላይ ያለችውን ቁስል አቃጠላት። ክምሩ ስንዝር ሲሆን ከታችና ከላይ ሽቦ አድርጎ ሁለቱንም ጫፍ ምላሴ ላይ አስነካኝ። ቆነጠጠኝ። ሎሚ በብረት ማንኪያ እንደመላስ ያለ ጎምዛዛ ነገር እስከ ጥርሴ ሥር ሄደ። ዘልዬ ተነሣሁ፣ እሱ በሳቅ ወንበሩን ሊጥለው ነበር።

«ልቤን የሚቆነጥጣት እንዲህ ነው» አለ።

ይህን ጊዜ ነው ድፍረት ያገኘሁት። «ይሄ ሲያልቅ ምን ይሆናል?»

«ጨርቁ ሲደርቅ ያልቃል። መልሰሽ ታርሺዋለሽ።»

ደረቱ ውስጥ ያለውን ማራስ አይቻልም። ራዲዮው ክዳን አለው፤ የሱ ደረት ክዳን የለውም። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ግንቦት ገባ። የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ውሻው እንኳ መጮህ ትቶ ያይሃል። ጋሽ ወልዴ ወሬውን ጀምሮ መሐል ላይ አገጩ ይወርዳል። ስጠራው ይነቃል፣ ግን የት እንደደረሰ ይረሳል። አንድ ቀን ስለ ጀርመናዊው ሲደግምልኝ ድምፁ ቀጠነ። ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ሆነ። እኔ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ በማግስቱ ወንበሩን ከኒሙ ጥላ አንድ ክንድ ያህል አወጣሁት።

«እዚህ ምን አለ?» አለኝ።

«ነፋስ አለ።»

«የት ያለ ነፋስ?»

«ይመጣል።»

ተቀመጠልኝ። እሱ እንዲህ ነበር፤ ልጅ ያለውን ያደርጋል። በሦስተኛው ቀን ግማሽ አካሉ ፀሐይ ላይ ነበር። በአራተኛው የሸሚዙን የላይኛውን ቁልፍ ፈታሁለት። ቁልፉን ስፈታ እጄን መታ አድርጎ «ምነው፣ ሙሽራ ልታደርጊኝ ነው?» አለኝ። እብጠቷ በላብ ታበራለች። በልቤ እየሞላ ነው፣ እየሞላ ነው እላለሁ። ፊቱም ቀላ፤ ደስ አለኝ። እናቴ ተኝታለች፣ ሰፈሩ ተኝቷል፣ የሚያየን ዶሮ ብቻ ነው።

በስድስተኛው ቀን ወንበሩን ሙሉ በሙሉ ፀሐይ ውስጥ፣ ከዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ አጠገብ አደረግሁት። ከቆርቆሮው የሚመጣው ወላፈን ይረዳል ብዬ ነው። ማውራት ጀመረ። ከዚያ «ሰሚራ፣ ውሃ» አለ። ልቀዳ ሄድኩ። ጣሳውን ይዤ ስመለስ ከወንበሩ ወርዶ አፈሩ ላይ ተጋድሟል። ዓይኑ ግማሽ ክፍት ነው። ላብ የለውም፤ ገላው ደረቅና እንደ ቆርቆሮው የሚፋጅ ነበር።

«አለቀ!» ብዬ ጮህኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። «እማ! አለቀ! አለቀ!»

እናቴ በረጅሙ ድሪያ ቀሚሷ እየተደናቀፈች ወጣች። አንድ ጊዜ አየችውና ያንን የጣሳ ውሃ ራሱ ላይ ደፋችው። «ባልዲ!» አለችኝ። በብብቱ ይዛ ወደ ጥላው ጎተተችው፤ እኔ እግሩን ያዝኩ። አብዲ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ አየንና ሳይጠየቅ ባጃጅ ሊጠራ ሮጠ። በዕድሜው ያን ያህል ሮጦ አያውቅም።

ክሊኒኩ ውስጥ አልጋ ላይ አጋደሙት፤ እርጥብ አንሶላ አለበሱት፤ ግሉኮስ ሰቀሉለት። እኔ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። ደረቱን ብቻ ነበር የማየው። ይነሣል፣ ይወርዳል። ከዚያ የሚቀጥለው እስኪመጣ እኔም አልተነፍስም። ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም፤ ግሉኮሱ ተለወጠ፣ የመስኮቱ ጥላ አልጋው ላይ ደረሰ። ጋሽ ወልዴ ዓይኑን ከፈተና ጣራውን አየ።

ነርሷ ተቆጣች። «በዚህ ቀትር ፀሐይ ላይ ምን ስትሠራ ነበር አንተ ሰውዬ?»

«ታሪክ እያወራሁ» አለ በቀስታ። «ጨዋታ ይዞኝ ነው። ጥላው ሲዞር አላየሁም።»

እየሸፈነልኝ እንደሆነ ገባኝ። ይሄ ነው ያስለቀሰኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያሰጣሁት።»

«ምን?» አለች እናቴ።

«ድንጋዩ እያለቀ ነበር። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። እንዲሞላ ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።»

እናቴ ሻሿን ከራሷ ላይ አውርዳ መልሳ አሰረችው፤ ምን እንደምታደርግ ሲጠፋት እንዲህ ነው የምታደርገው። አንድ ወጣት ዶክተር ከነርሷ ኋላ ቆሞ ነበር። አልሳቀም። ከጋሽ ወልዴ ኪስ የወጣችውን፣ አዲስ አበባ የሰጡትን የልብ ባትሪውን ካርድ ተቀብሎ አነበበና ወንበር ስቦ ፊቴ ተቀመጠ።

«ይሄኛው ሌላ ዓይነት ነው» አለኝ። «ሊጥ የለውም፣ አይፈስም። ዓመታት ነው የሚቆየው። የሱ ገና አዲስ ነው፤ እስኪያልቅ አንቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትደርሺ ትችያለሽ።»

«ከዚያስ?»

«ሳያልቅ በፊት በማሽን ይታያል። ሊያልቅ ሲል ይለውጡለታል።»

«ይለወጣል?»

«ይለወጣል።»

«ክዳን የለውም እኮ።»

«ሐኪሙ ይከፍተዋል፣ ሐኪሙ ይሰፋዋል። አንዴ ከፍተውት የለ እንዴ?»

ይህ ለምን እንዳልታየኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

«ፀሐይስ?» አልኩት ከዚያው ሆኜ።

«ለሱ ፀሐይ መርዙ ነው። ለራዲዮው ድንጋይ ግን...» ነርሷን በዓይኑ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «እኔም ሳሰጣ ነው ያደግሁት።»

ያን ጊዜ ጋሽ ወልዴ ከአልጋው ላይ መሳቅ ጀመረ። ነርሷ አትሳቅ ትለዋለች፣ እሱ አልቻለም፤ የግሉኮሱ ቱቦ አብሮት ይንቀጠቀጣል። «ለካ ቁልፌን የምትፈታው ለዚህ ኖሯል! እኔ ደግሞ አየር እንዳገኝ አዝና ነው እያልኩ!» አለና እንባውን ጠረገ። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

«ለምን አልጠየቅሽኝም፣ ሰሚራ?»

«የማታውቅ መስሎኝ። ብነግርህ ትደነግጣለህ ብዬ።»

ሳቁ ቆመ።

«ስንት ጊዜሽ ነው እንዲህ ስታስቢ?»

«ከአዲስ አበባ ከመጣህ ጀምሮ።»

«ብቻሽን?»

«አብዲም ያውቃል። እሱ ግን ረስቶታል።»

እጁን ዘረጋልኝ። መርፌ ያለበት እጁ ስለሆነ ሁለት ጣቶቹን ብቻ ያዝኩ። እናቴ ወደ መስኮቱ ዞራ ቆመች። ቤት ስንደርስ ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ትከሻዋን ሳየው ግን እንደማትመታኝ አወቅሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ሙቀቱ ወረደ፣ ግፊቱ ተስተካከለ፤ ሂዱ አሉን። ባጃጅ ውስጥ እኔን መሐላቸው አስቀመጡኝ። ጋሽ ወልዴ ሾፌሩን «በጥላ በጥላው ንዳ፣ እኔ ሞልቻለሁ» አለው። ሾፌሩ ምን እንደሆነ ሊጠይቅ ዞር ሲል እናቴ በሻሿ አፏን ይዛ ፈነዳች። እኔም ልስቅ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውሰውም፤ የቀፊራን ገበያ ሳናልፍ እንቅልፍ ወስዶኛል። ከባጃጁ ሲያወርዱኝ፣ ጫማዬን ሲያወልቁልኝ፣ እራት ሲጠሩኝ አልሰማሁም።

እናቴ እንደነገረችኝ እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ አልነቃሁም። ጋሽ ወልዴ ተኛ ተብሎ ሳለ በሽርጡ ሦስት ጊዜ ደጃፋችን ድረስ መጥቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ «ትተነፍሳለች?» ብሎ ጠይቋል።